በበጋ ወራት የሆሞሻን ጓሮና ዱር ስለ መመርመር፤ የተኛውን ዛፍ ከሞተው ለይቶ ስለ ማወቅ

ለአገር አስተዳዳሪዎች፥ ለባለ መሬቶችና ለወረዳ ሹማምት የተጻፈ ትምህርት።

የፈረንጆችን የአትክልት መጻሕፍት የሚያነብ ሰው በቋንቋችን ክረምት ተብሎ የሚተረጐመው ቃል እንደሚያሳስተው አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባዋል። በእነርሱ አገር ያ ወራት ብርዱ የሚጸናበት፥ በረዶ ምድርን የሚሸፍንበት፥ ዛፉም ቅጠሉን አራግፎ ዕራቁቱን የሚቆምበት ነው። በእኛ አገር ግን ክረምት ዝናብና ልምላሜ ነው፤ ዛፍ የሚራቆተው፥ ሣርም የሚደርቀው በበጋ ነው። ስለዚህ በዚያ ያሉ አትክልተኞች በበረዶው መካከል የሕይወት ምልክትና የአበባ ቀለም ስለ መፈለግ የሚጽፉትን ትምህርት ወደ አገራችን ስናመጣው፥ ወሩንም ምክንያቱንም መለወጥ ግድ ይሆንብናል። የእነርሱን ዛፍ ያራቆተው ብርድ ነው፤ የእኛን ቆላ የሚያራቁተው ጥማት ነው።

እኔ በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ዓመቱ በአራት እንደሚከፈል ተምሬአለሁ፤ ይኸውም ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 መፀው፥ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25 ሐጋይ ወይም በጋ፥ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ፀደይ፥ ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ክረምት ነው። ዘመነ ጽጌ የሚባለውም ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ያለው ነው። ከዚህ የተነሣ አበባ ሁሉ ከአደይ ጋራ አብሮ የሚያልቅ፥ ከኅዳር በኋላም አገሩ በሙሉ ዝናብን እየጠበቀ ባዶውን የሚቀመጥ ይመስለኝ ነበር። ይህ የደጋ ሰው ዕውቀት ነው። በቆላው አገር ሁለተኛ ጽጌ እንዳለ፥ እርሱም በሐጋይ መካከል እንደ ሆነ ያወቅሁት ጠጕሬ ሸበት ካለ በኋላ ነው፤ ያወቅሁትም ተሳስቼ ነው።

ሆሞሻ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል በአሶሳ ዞን ያለ ወረዳ ሲሆን፥ ከአሶሳ በስተ ሰሜን ከኩርሙክና ከመንጌ ወገን ጋራ የሚዋሰን ነው። ነዋሪው አብዛኛው የበርታ ሕዝብ ነው፤ ማሽላ ያርሳል፥ ንብ ያነባል፥ ከሽመል ቤትና አጥር ይሠራል። ዝናቡ በሚያዝያ መጨረሻ ወይም በግንቦት ይጀምርና እስከ ጥቅምት ይዘንባል፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት ግን ሰማዩ እንደ ተዘጋ ይቆያል። ይህ አገር ከጥንት ጀምሮ በመናገሻው ከተማ የሚታወቀው በወርቁ ነው። ራስ መኮንን በ1890 ዓ.ም. ወደ ቤኒሻንጉል ከዘመቱ በኋላም ሼህ ሖጀሌ አል ሐሰን ለማዕከላዊው መንግሥት የሚገብሩት ወርቅ ነበር። በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፥ ከላይ የሚላክ ሰው ዐይኑን ወደ ምድሩ ጥሎ ወርቁን ሲጠይቅ ኖረ እንጂ ቀና ብሎ ስለ ዛፉ የጠየቀ ጥቂት ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር ለሥራ ወደዚያ ሄጄ ሳለሁ፥ በአንድ ቀበሌ በመንደሩ ዙሪያና በወንዙ ዳር ያሉትን ዛፎች እየቈጠርሁ ሕያውና ደረቅ በማለት በሁለት ዐምድ እጽፍ ነበር። የዝርዝሩ ጥቅም ደረቅ ተብሎ የተጻፈው ለማገዶ እንዲቈረጥ፥ ሕያው የተባለው ግን እንዳይነካ ነበር። ሐሳቡ መልካም ነው፤ ነገር ግን በጥር ወር በሆሞሻ ቅጠል ያለውን ዛፍ ሕያው፥ ቅጠል የሌለውን ደረቅ ብሎ የሚጽፍ ሰው አገሩን ሁሉ ለመጥረቢያ አሳልፎ መስጠቱ ነው። እኔም እንዲሁ አደረግሁ። ደረቅ የሚለው ዐምድ ሁለት ገጽ ሞልቶ ሦስተኛውን ስጀምር፥ አንድ የበርታ ሽማግሌ ቀርበው ምን እንደምጽፍ በአስተርጓሚ ጠየቁኝ። እኔም ወደ አንድ አባሎ እያመለከትሁ፥ «አባቴ፥ የሞቱትን ዛፎች እየጻፍሁ ነው» አልኋቸው። ሽማግሌውም ዛፉን፥ ቀጥሎም እኔን ተመልክተው፥ «ቀፎዬን የምሰቅለው በዚህ ላይ ነው፤ ሞተ ያለዎት ማን ነው?» አሉኝ። ከዚያም ከወገባቸው ትንሽ ቢላዋ አውጥተው ከአንዱ ቀንበጥ የጥፍር ስፋት ያህል ቅርፊት ላጡ። ከግራጫው ቅርፊት በታች እርጥብ የሆነ እንደ ጐመን ቅጠል ያለ አረንጓዴ ታየ። ሁለት ገጽ ጽሕፈቴን በዚያው ቀደድሁ።

ይህን የመሰለ ስሕተት ሌላው እንዳይደግመው ሕያውን ዛፍ ከሞተው የሚለይበትን መንገድ በቅድሚያ እገልጣለሁ።

መጀመሪያው ሽማግሌው ያሳዩኝ መፋቅ ነው። ግንዱን በመጥረቢያ ማቍሰል አያስፈልግም፤ ጣት የሚያህል ቀንበጥ መርጦ በጥፍር ወይም በቢላዋ ጫፍ ቀጭኑን የላይ ቅርፊት ብቻ ማንሣት ይበቃል። አረንጓዴና እርጥብ ቢሆን ያ ቅርንጫፍ ሕያው ነው። ቡናማና ደረቅ ቢሆን ግን ዛፉ ሞቷል ብሎ ለመፍረድ መቸኰል አይገባም፤ የብዙ ዛፍ ጫፍ በበጋ ይሞትና ታችኛው ክፍል ይኖራልና። ስለዚህ ከጫፍ ወደ ግንድ ክንድ በክንድ እየወረዱ መፋቅ፥ በአንዱ ጐን ደረቅ የተገኘውንም በሌላው ጐን መፈተን፥ በመጨረሻም ከሥሩ አጠገብ ያለውን ቅርፊት መመልከት ይገባል። ከላይ እስከ ታች ደረቅ ሆኖ ከሥሩ አጠገብ አረንጓዴ የተገኘበት ዛፍ ከመሬት እንደገና ይበቅላል። ግንዱን ዙሪያውን መላጥ ግን ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ ምግቡ በዚያ ቅርፊት ውስጥ ስለሚያልፍ ዙሪያውን የተላጠ ዛፍ በፈተናው ምክንያት ይሞታል።

ሁለተኛው ማጕበጥ ነው። ሕያው ቀንበጥ ሲታጠፍ ይለመጣል፥ ሲሰበርም ክሮቹ ይያያዛሉ፤ የሞተው ቀጭ ብሎ ይለያል፥ ስብራቱም አቧራ ያወጣል። ሦስተኛው እንቡጡን ማየት ነው። ቅጠሉ በወደቀበት ጠባሳ ላይ እንደ ስንዴ ቅንጣት ያለች ጠንካራ ጉጥ ብትገኝ የሚመጣው ቅጠል በእርስዋ ውስጥ ተጠቅልሎ አለ። በጣት ሲያሿት እንደ ትንባሆ የምትፈረፈር ከሆነች ግን የሞተች ናት።

አራተኛውን ምልክት ሰው ሁሉ ስለሚሳሳትበት ሰፋ አድርጌ እናገራለሁ። ቅጠል ማራገፍ የሕያው ዛፍ ሥራ ነው። ዛፉ ውሃ ሊያጥረው ሲል በቅጠሉ እጅታ ሥር ቀጭን ንጣፍ አበጅቶ ቅጠሉን ከራሱ ይለያል፥ ቍስሉንም ይዘጋል። ይህን ለመሥራት ግን ሕይወት ያስፈልጋል። በእሳት፥ በበሽታ ወይም በመቈረጥ በድንገት የሞተ ቅርንጫፍ ይህን ለማድረግ ጊዜ ስለማያገኝ፥ ቡናማ የሆነው ቅጠሉ በላዩ ላይ ተንጠልጥሎ ለወራት ይቀራል። እንግዲህ በጥር ወር ሁለት ዛፎች ጐን ለጐን ቆመው አንዱ ፍጹም ዕራቁቱን ቢሆን፥ ሁለተኛው ግን ደረቅ ቅጠል ለብሶ ቢገኝ፥ ይበልጥ የሚያጠራጥረው የለበሰው ነው። እኔ በዝርዝሬ ተቃራኒውን ነበር የጻፍሁት፤ ደረቅ ቅጠል ያንጠለጠሉትን ገና ይድናሉ ብዬ ትቻቸው ነበር።

ምስጥን በሚመለከት፥ በግንዱ ላይ የአፈር ልባስ ስለ ታየ ብቻ ዛፉ ሞቷል ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ምስጡ የሚበላው የደረቀውን የላይ ቅርፊት ነው። አፈሩን በእጅ አራግፎ ከሥሩ ያለውን መፋቅ ነገሩን ይገልጠዋል። ቅርፊቱ እንደ ሰሌን በሰፊው ተላቅቆ የወደቀ፥ ከግንዱም ጠንካራ እንጕዳይ የበቀለበት ግን ለማገዶ ቢሰጥ የሚቈጭ የለም።

ዛፉ ቅጠሉን የሚጥለው ለምን እንደ ሆነ በአጭሩ እነግራለሁ። ቅጠል የዛፍ ወጥ ቤት ነው፤ ነገር ግን ውሃው በእንፋሎት የሚወጣበትም በር እርሱ ነው። በክረምት ውሃ ስለሚተርፍ በሩ ቢከፈት ጕዳት የለውም። በበጋ ግን ዛፉ ወጥ ቤቱን ዘግቶ በሥሩና በግንዱ ያከማቸውን እየቈጠበ ይኖራል። የሚያስደንቀው፥ ከቆላ ዛፎች ብዙዎቹ አዲሱን ቅጠል የሚያወጡት ዝናቡ ከመጣ በኋላ ሳይሆን ከመምጣቱ በፊት፥ ሙቀቱ እጅግ በጸናበት በየካቲትና በመጋቢት መሆኑ ነው። ይህንም የሚያደርጉት በግንዳቸው ካኖሩት ውሃና ጥልቅ ሥራቸው ከሚስበው ነው። ከዚህም የሚለይ ዛፍ አለ። በሐረርጌ ገበሬዎች በማሳቸው መካከል ጠብቀው የሚያኖሩት በኦሮምኛ ገርቢ የሚባለው የግራር ወገን በበጋ ለምልሞ በክረምት ቅጠሉን ይጥላል፤ ስለዚህ ለሰብሉ ጥላ ሳይሆንበት ፍግ ይሆንለታል።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ። በጥርና በየካቲት ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ የሚሄድ ሹም ከመኪናው ወርዶ ጥቂት በእግሩ ቢራመድ፥ ግራጫ በመሰለው ዱር ውስጥ ብዙ የሚመለከተው አለ። ዛና የሚባለው ዛፍ አንድ ቅጠል ሳይኖረው ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈዛዛ ሮዝ አበባ ይለብሳል፤ አበባውም እንደ ትንሽ መለከት ነው፥ ከሥሩም ወድቆ መሬቱን ያለብሰዋል። ቆርች እንዲሁ በራቁት ቅርንጫፉ ላይ እንደ ፍም የቀላ አበባ ይሰቅላል፤ ማሩን ለመምጠጥ ትንንሽ ወፎች ከማለዳ ጀምሮ ይጣሉበታል። ጋምቢሎ አጭርና ጠማማ ዛፍ ነው፤ አበባው በመጀመሪያ ነጭ ሆኖ ይፈካና ሲያረጅ ብጫ ይሆናል፥ ሽታውም እጅግ መልካም ነው። ግራዋም በጓሮ አጥር ዳር ነጣ ያለ አበባ ስለሚያወጣ ለንብ ትልቅ ድግስ ነው። አበባ ያልሆነ ቀለምም አለ። የአባሎ ፍሬ አራት ክንፍ፥ የወይባ ፍሬ ሁለት ክንፍ አላቸው፤ በዛፉ ላይ እንደ ተንጠለጠሉ ሲቀሉ ከሩቅ አበባ ይመስላሉ። ሁመር ግን ቡናማውን ፍሬ እንደ ባቄላ እሸት አንጠልጥሎ በአብዛኛው አረንጓዴ ሆኖ ይቆያል፤ በጐረቤት ሱዳን ዐርዴብ የሚሉትና ፍሬውን ለመጠጥ የሚበጠብጡት እርሱ ነው። በአሶሳ ዞን በቆላው ወገን የሚገኘው የዕጣን ዛፍም ቅጠል ሳይኖረው የሚያብብ ነው። ዕጣኑ የሚለቀመው ቅርፊቱን እየጫሩ በዚሁ በበጋ ስለ ሆነ፥ ደረቅ መስሎ ቆሞ ሳለ በአንድ ጊዜ አበባም ፍሬም ዕጣንም ሲጠየቅ ይውላል። ያለ ዕረፍት የሚጫር ዛፍ ዘሩ እየመነመነ ስለሚሄድ በየጥቂት ዓመቱ ማሳረፍ ይገባል።

የሹሙ ግቢ በበጋ ባዶ እንዳይሆን የሚፈልግ ባለ መሬት ከሩቅ አገር አበባ በውድ ዋጋ ከሚያስመጣ ይልቅ ከእነዚህ ቢተክል ይሻለዋል። ቆርች ከቁራጭ ይበቅላል፤ ክንድ የሚያህል ቅርንጫፍ ዝናቡ ሊገባ ሲል በአጥሩ መስመር ቢተከል ሕያው አጥር ይሆናል። ፍሬው ቀይና ጥቁር ሆኖ ዶቃ ስለሚመስል ልጆች ይሰበስቡታል፤ መርዝ ስለ ሆነ ወደ አፋቸው እንዳያደርጉት መጠበቅ ነው።

ስለ ሽመል ተለይቶ መነገር አለበት፤ የዚህ አገር ሀብት ከወርቁ ቀጥሎ እርሱ ነውና፥ እንዲያውም እኔ ከወርቁ አላሳንሰውም። የኢትዮጵያ የቀርከሃ ደን በ1990 ዓ.ም. አካባቢ በተሰጠ ግምት ወደ 1 ሚሊዮን ሄክታር ይጠጋ ነበር፤ ከዚህ የሚበልጠው የቆላ ሽመል ሲሆን፥ ከሽመሉም ትልቁ ድርሻ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ባዶ ነው፤ የቆላው ሽመል ግን ብዙውን ጊዜ ድፍን ነው። በበጋ ቅጠሉ ይሳሳል፥ ይገረጣል፥ አገዳውም ብጫና ግራጫ ይሆናል፤ ያላወቀ ሰው ጫካው ደርቋል ይላል። ሕይወቱ ግን ያለው ከመሬት በታች ነው። ከአንዱ ጕብታ ዳር አፈሩን በእጅ ገለጥ ቢያደርጉት፥ በሥረ ግንዱ ላይ ነጣ ያለና ጠንካራ እንቡጥ ይገኛል። ዝናብ ሲወርድ ቡቃያ ሆኖ የሚወጣው፥ በአንድ ክረምትም ሙሉ ቁመቱን የሚጨርሰው ይህ ነው። የአገሩ ሰው ከዚህ ቡቃያ ጥቂቱን ለምግብ ይወስዳል። ስለ አቈራረጡ ደንቡ እንዲህ ነው፤ ቅርፊት መሳይ ሽፋኑን ገና ያልጣለው ያምናውና የዘንድሮው አገዳ ለሚመጣው ቡቃያ ምግብ የሚያቀብል ስለ ሆነ አይነካም፤ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነው ብቻ ይቈረጣል። ከአንድ ጕብታ ሁሉንም አጭዶ መውሰድ ሥሩን በረኃብ መግደል ነው።

በሽመል ነገር አንድ እጅግ የሚያሳስት ቀለም አለ። ሽመል በየዓመቱ አያብብም፤ ብዙ ዓመት ኖሮ በአንድ ጊዜ፥ አንዳንዴም ኰረብታው በሙሉ አብሮ ያብባል። አበባው በአገዳው አንጓ ላይ እንደ ኮሸሽላ ራስ ክብና ሹል ሆኖ ይታያል። ይህን ያየ ሹም ጫካው ለመለመ ብሎ ደስ ሊለው ይችላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው፤ ያበበ ሽመል ዘሩን ሰጥቶ ከነሥሩ ይሞታል። ስለዚህ በወረዳው ሽመል ማበቡ የተሰማ እንደ ሆነ ሦስት ነገር ሳይውል ሳያድር መታሰብ አለበት። ዘሩ እስኪረግፍ ድረስ አገዳው አይቈረጥ፤ ዘሩ ከረገፈ በኋላ ግን የሞተው አገዳ ለእሳት ማገዶ ሆኖ እንዳይቀር ሕዝቡ ቈርጦ ይጠቀምበት። በሚመጣው ክረምት የሚበቅለው ችግኝ ሣር ስለሚመስል ከብትና እሳት እንዳይገባበት ለጥቂት ዓመታት ይከለል። ይህ ባይደረግ ግን ጫካው የነበረበት ቦታ ሣር ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ጸሐፊም ጠፍ መሬት ብሎ ይመዘግበዋል።

እንዲህ ያለው አሳሳች ቀለም በሽመል ብቻ አይደለም። በጥቅምትና በኅዳር ማሽላው ሊታጨድ ሲል በመካከሉ ሐምራዊ አበባ ያላት ትንሽ ተክል ትታያለች፤ ለዐይን እጅግ ታምራለች። ይህች አቀንጭራ ናት። ሥርዋን በማሽላው ሥር ላይ ተክላ ምግቡን ስለምትጠጣ፥ ማሽላው ውሃ እያለው በውሃ ጥም እንደ ተመታ ይጠወልጋል። አንዲት አቀንጭራ በአሥር ሺሕ የሚቈጠር እንደ ትቢያ የላመ ዘር ትበትናለች፤ ዘሩም በአፈር ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አበባዋ እንደ ታየ፥ ዘር ሳትይዝ መነቀልና መቃጠል አለባት። በዚያ ማሳ ላይም በሚመጣው ዓመት ማሽላ ከመድገም ይልቅ አኩሪ አተር፥ ለውዝ ወይም ሰሊጥ መዝራት ይሻላል።

ሁለተኛው አሳሳች ቀለም በማንጎ ላይ ነው። ማንጎ በአሶሳና በአካባቢዋ የጓሮ ሁሉ ጌጥ ነው፤ በበጋው መካከል ሌላው ሲደርቅ እርሱ ጥላውን ዘርግቶ ያብባል፥ ፍሬውም ዝናቡ ሊገባ ሲል ይደርሳል። አዲስ ቅጠሉ ሲወጣ ቀይና ነሐስ መሳይ ሆኖ ይንጠለጠላል፤ ይህ ጤና ነው፥ በጥቂት ቀን ይጠነክርና አረንጓዴ ይሆናል። አንድ ባለ ማንጎ ይህን ቀይ ቅጠል በሽታ መስሎት ሲለቅም አይቻለሁ። በሽታው ግን ሌላ ነው። በ2010 እንደ ፈረንጆች አቈጣጠር በምሥራቅ ወለጋ በጉቶ ጊዳ ወረዳ መጀመሪያ የተገኘው ነጭ ልባስ ነፍሳት በኋላ ወደ ምዕራብ አልፎ የአሶሳን ማንጎ ጐድቷል። በቅጠሉ ላይ ነጭ ዱቄት የተነሰነሰ ይመስላል፤ በቅርብ ሲታይ ግን ነጭ ክብ ቅርፊት የለበሱ ጥቃቅን ነፍሳት ናቸው። በተቀመጡበት ቅጠሉ ብጫ ነጥብ ያወጣል፤ በፍሬው ላይ ደግሞ ሮዝ ነጠብጣብ ይታያል። ገዢው የበሰለ መስሎት ይደሰታል፥ በገበያ የሚያውቀው ነጋዴ ግን ይጥለዋል። ነፍሳቱ በራሳቸው ሩቅ አይሄዱም፤ ሩቅ የሚያደርሳቸው ችግኝ፥ ቅጠልና ፍሬ ተሸክሞ የሚሄደው ሰው ነው። ከዚህ የተነሣ ማንጎ በቅጠል ሸፍኖ መጫንን መከልከል፥ ከታመመ ጓሮ ችግኝ አለመውሰድ፥ ዛፉን መግረዝና የተገረዘውን የታመመ ቅርንጫፍ ማቃጠል ለወረዳው ሹም የሚቻል ሥራ ነው።

ስለ ጓሮው ሌላውን ነገር በአጭሩ አልፈዋለሁ። በክረምት የተዘራው ባሚያ በበጋ ተቈራርጦ በሰሌን ላይ ይሰጣል፤ ከርከዴም ባለበት እንዲሁ ቀዩ ልባሱ ይደርቃል። በወንዝ ዳር በእጅ የሚጠጡ የሽንኵርትና የቲማቲም መደቦች ደግሞ ከሩቅ እንደ አረንጓዴ ጥብጣብ ይታያሉ። እንዲህ ያለ ጥብጣብ ባለበት ውሃው ቅርብ ስለ ሆነ፥ ጕድጓድ ለመቈፈር የሚያስብ ሹም ከዚያ ቢጀምር ድካሙን ያቀልለታል።

እሳትን ሳላነሣ ባልፍ ግን የተናገርሁት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በየበጋው ለግጦሽ፥ ለአደን፥ ለማር ቈረጣና ለማሳ ጠረጋ የሚለኰሰው እሳት በሰው ቁመት የደረቀውን ሣር ይዞ ዱሩን ያዳርሳል። ከእሳቱ ኋላ በጥቂት ሳምንት ሣሩ ከሥሩ ስለሚያቈጠቍጥ፥ ጥቁሩ ምድር አረንጓዴ ይሆናል፤ ከብቱም ይጠግባል፥ ሰውም እሳት ምድርን ያድሳል ይላል። በእሳቱ ጊዜ እንኳ የሚያምር ነገር አለ። ደማቅ ቀይ የሆኑ ንብ በል ወፎችና ረጅም ጭራ ያላቸው ሰማያዊ ወፎች ከጢሱ የሚሸሸውን ፌንጣ ለመያዝ ከጭላት ጋራ ይሰበሰባሉ። ይሁን እንጂ ያ አረንጓዴ ሣር ብቻ ነው። ቁመቱ ከጕልበት ያላለፈ የዛናና የአባሎ ችግኝ፥ የዓመት ልጅ የሆነው ሽመል፥ በቀፎው ያለው ንብ በእሳቱ ያልቃል። ትልቁ ዛፍ ወፍራም ቅርፊቱን ታምኖ ቆሞ ስለሚቀር ጕዳቱ ወዲያው አይታይም፤ የሚታየው ትልቁ አርጅቶ ሲወድቅ የሚተካው ሲጠፋ ነው። በየካቲትና በመጋቢት የሚነሣው እሳት በኅዳር ከሚነሣው ይልቅ እጅግ ይከፋል፤ ሣሩ ፍጹም ደርቋልና፥ ዛፉም እንቡጡን ሊከፍት ተቃርቧልና። እሳትን በትእዛዝ ብቻ ማቆም የማይቻልበት ቀበሌ ሹሙ ሽማግሎችን አማክሮ፥ ሣሩ ገና ከፊል እርጥብ ሳለ በኅዳር በሽመሉ ጫካና በመንደሩ ዙሪያ ሰፊ ጥርጊያ ቢያስጠርግ፥ በኋላ የሚመጣው እሳት እዚያ ደርሶ ይቆማል።

የዛፍ ቈጠራና የማገዶ ፈቃድ የሚጽፍ ጽሕፈት ቤት በሁለት ዐምድ ፈንታ ሦስት ቢያበጅ መልካም ነው፤ ሕያው፥ የሞተ፥ ያልታወቀ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ተፍቆ ያልተፈተነ ዛፍ ሁሉ በሦስተኛው ዐምድ ይጻፍ፥ በግንዱም ላይ በኖራ ምልክት ይደረግበት። በሰኔ ያው ጸሐፊ ያንኑ ዝርዝር ይዞ ተመልሶ እስኪያየው ድረስ መጥረቢያ አይነሣበት። ለአስቸኳይ ማገዶ የሚፈለግ ቢሆን መሬት የወደቀው ይለቀም፤ ከሞተውም ሽመል ይቈረጥ። የፈተናው ሥራ በአገሩ ሰው፥ ይልቁንም ቀፎ በሚሰቅሉ ሰዎች እጅ ቢሆን ይመረጣል፤ እነርሱ እያንዳንዱ ዛፍ መቼ እንደሚያብብ ከጸሐፊው አብልጠው ያውቃሉ።

እኔ በዚያ ጥር ቀድጄ በጣልሁት ዝርዝር ፈንታ ሌላ ጽፌ፥ ያልታወቁትን በኖራ አስመልክቼ ተመለስሁ። በሰኔ የወረዳው ባልደረባ ደብዳቤ ላከልኝ። ኖራ ከተቀቡት አብዛኞቹ ቅጠል አውጥተዋል፤ የሽማግሌው አባሎም በቅጠሉ ብዛት የተነሣ ቀፎው አይታይም ብሏል። ደረቅ ቅጠል አንጠልጥሎ የነበረው፥ እኔም ይድናል ብዬ የተውሁት በወንዙ ዳር ያለው ዛፍ ግን ሞቶ ተገኝቷል፤ እርሱን እንዲቈርጡ ፈቃዱን በዚያው ሳምንት ጻፍሁ።